መሳቢያ ውስጥ የከረመው ፋይል

በአንድ የመንግሥት ቢሮ የፈቃድ ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጡ። ወረፋውን አልፈው በጎን በር ገቡና ጠረጴዛዬ ፊት ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር ሳያቸው ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ ስታመም እጃቸውን ጭነው የጸለዩልኝ ሰው ናቸው። የመጡት ለአዳራሹ ማስፋፊያ ግንባታ ፈቃድ ነበር። ማመልከቻው ገብቷል፤ ግን አንድ ሰነድ ይጎድለዋል፣ ከፊቱም ብዙ ፋይል ተደርድሯል።

«ልጄ፣ የእግዚአብሔር ሥራ እኮ ነው። አንቺ እያለሽ ወረፋ እንጠብቅ?»

«ጋሼ፣ ሰነዱ ይሟላ፤ ከዚያ በተራው ይታያል» አልኳቸው። ድምፄ ሲርገበገብ ይሰማኛል።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «አስቴርን አስቢ» አሉኝ። «እግዚአብሔር እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠሽ እንደዚህ ላለው ጊዜ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ተነሥተው ሲሄዱ ቻው እንኳ አላሉኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ወራት እሑድ እሑድ ሲያዩኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ቃላቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፈ አስቴርን ከፈትኩ። የጠቀሱት ቃል ምዕራፍ 4 ቁጥር 14 ላይ አለ፤ መርዶክዮስ ነው የሚለው። እኛ አማኞች ቢሮ ውስጥ ሰው ሲሾምልን ቶሎ የምንጠቅሳት ጥቅስ ናት። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ያለውን የአስቴርን መልስ ግን ብዙ ጊዜ አናነበውም፦ «ብጠፋም እጠፋለሁ»። ሳይጠራ ወደ ንጉሡ ውስጠኛ አደባባይ የገባ ሰው ሕጉ አንድ ነው፣ ንጉሡ የወርቁን ዘንግ ካልዘረጋለት ይሞታል። አስቴር ወገኖቿ ሊታረዱ ቀን በተቆረጠበት ሰዓት የራሷን አንገት ይዛ ነው የገባችው። የማንንም ተራ አልወሰደችም።

እኔ የጋሼን ፋይል ከታች አንሥቼ ከላይ ባደርገው ኖሮ ምን እከፍል ነበር? ምንም። እንዲያውም እመሰገን ነበር። የሚከፍሉት ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን የማላውቀው፣ የጸለየላቸው ይኑር አይኑር የማላውቀው። ይህ ነገር ያን ማታ በደንብ ገባኝ። ገባኝ ብዬ ግን አልዳንኩም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ሰው የስፖርት ውርርድ ቤት ለመክፈት ፈቃድ ጠየቀ። ቤቲንግ የምንለውን። እኔ ስለ ውርርድ ያለኝ አቋም የታወቀ ነው። ደመወዙን እዚያ ጨርሶ ባዶ እጁን ቤቱ የገባ ባል አውቃለሁ፤ ሚስቱ ጓደኛዬ ናት፣ ሌሊት ደውላልኝ ስታለቅስ አዳምጫታለሁ። ሕጉ ግን ይፈቅዳል። ሰውዬው የተጠየቀውን ሁሉ አሟልቷል፤ ሰነዶቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ፎቶኮፒውን ለብቻ፣ ኦሪጅናሉን ለብቻ አድርጎ ነው ያመጣው። እንደዚያ ንጹሕ ፋይል ብዙ አይገጥመኝም።

ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። አልከለከልኩትም። «ነገ ይምጡ» አልኩት። በማግሥቱ መጣ። «ሰኞ ይምጡ።» ሰኞ መጣ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አመላለስኩት። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ «እህቴ፣ የጎደለኝ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ላሟላ» አለኝ። እኔም ዓይኑን ሳላይ «አለቃዬ አልፈረሙም» አልኩት።

ውሸት ነው። አለቃዬ ፋይሉን አላዩትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ ጉልበቴ አጠገብ።

አያችሁ፣ ኅሊናዬን ልጠብቅ ብዬ ዋሸሁ። እግዚአብሔርን ላስደስት ብዬ፣ በሐሰት አትመስክር ያለውን አምላክ ትእዛዝ በመስኮት አሻግሬ ወረወርኩት። ደግሞ ለሦስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ «ለእምነቴ ቆሜአለሁ» እያልኩ ነበር። ምን ዓይነት መቆም ነው? ለእምነቴ የተመላለሰው፣ የትራንስፖርት የከፈለው፣ ለከፈተው ቤት ሥራ ሳይጀምር ኪራይ የከፈለው እሱ ነው። እኔ በወሩ መጨረሻ ደመወዜን በልቻለሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ቢሮ ስትገቢ እምነትሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ» የሚሉኝ ይኖራሉ። በፍጹም አልስማማም። አይቻልምም። ጉቦ አልቀበልም የምለው በእምነቴ ነው። ማንም ሳያየኝ ማኅተሙን በአግባቡ የምጠቀመው በእምነቴ ነው። ሥራ ስጀምር እጄን ዘርግቼ የማልኩት መሐላ ራሱ ለእኔ ተራ ወረቀት አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት የገባሁት ቃል ነው። ሕዝቡን ያለ አድልዎ አገለግላለሁ ብዬ ነው የማልኩት። ስለዚህ ባለጉዳይን ያለ አግባብ ሳመላልስ ሕጉን ብቻ ሳይሆን መሐላዬንም አፈርሳለሁ። እምነትና ሥራ በሁለት በኩል ቆመው ገመድ የሚጓተቱ አድርገን የምናወራው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ይመስለኛል። በአብዛኛው ቀን አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት፤ እኛ ነን ወደ ጎን የምንሄደው።

ሉቃስ ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ አሉት። ለሮም መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስቡ፣ ሕዝቡ የሚጠላቸው ሰዎች ናቸው። ያ ግመል ጠጉር የለበሰ፣ ለማንም የማያጎበድድ ሰው ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ነው ያላቸው። ወታደሮቹንም በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ስብከት ላይ ይህን ክፍል ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ምክሩ የፈቃድ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚችል መሆኑ ነው። ዳንኤልም ላይ እንደዚሁ። ጠላቶቹ ሊከሱት ፈልገው በመንግሥት ሥራው ላይ አንድም ስሕተት አጡበት። ከአምላኩ ሕግ በቀር ሌላ መግቢያ አላገኙም። እኔን ግን ያን ጊዜ የመረመረኝ ሰው ቢኖር መሳቢያዬን ከፍቶ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰኝ ነበር።

ሌላውም ጫፍ አደገኛ ነው። «እኔ በግሌ አልስማማም፣ ሥራዬ ግን ሥራዬ ነው» የሚለው። ጲላጦስ እንዲህ ነበር። በኢየሱስ ላይ በደል እንዳላገኘ በአፉ ተናገረ፣ ውኃ አስመጥቶ በሕዝቡ ፊት እጁን ታጠበ፣ ከዚያ አሳልፎ ሰጠው። ውሳኔው የእሱ ሆኖ ሳለ ከውሳኔው ውጭ ሊቆም ፈለገ። እኔ ሥልጣን ላይ ያለ አማኝ ሁሉ ከምንም በላይ ሊፈራው የሚገባ ሰው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሄሮድስ እንኳ ይልቅ።

ታዲያ ሕጉ የሚያዘኝ ነገር እምነቴ ፈጽሞ የማይቀበለው ሲሆንስ? እዚህ ላይ ታሪክ የከፈሉትንና ያስከፈሉትን ሰዎች ያሳየናል፤ አንዳንዴም በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱን። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ቶማስ ሞር የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር ነበር፣ ከንጉሡ በታች ትልቁ ሹም። ሄንሪ 8ኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ሲለይ በ1532 ሥልጣኑን አስረከበ። አመፅ አልቀሰቀሰም፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የንጉሡን ሥራ አላሰናከለም፤ ለቀቀ፣ ዝም አለ። ዝምታውም አላዳነውም፣ በ1535 አንገቱ ተቆረጠ። ይህን ታሪክ ብዙ ክርስቲያኖች እንወደዋለን። ግን ያው ሰው ቻንስለር በነበረበት ጊዜ ስድስት ሰዎች በመናፍቅነት ተፈርዶባቸው በእሳት ተቃጥለዋል፤ እሱም በዚያ አደን ውስጥ እጁ ነበረበት፣ ትክክል ነው ብሎም ይከራከር ነበር። የአንድ ሰው ኅሊና ነው፣ ያው እምነት። ሥልጣን በእጁ ሲሆን ሌሎች ተቃጠሉለት፤ ሥልጣኑን ሲያስቀምጥ ግን ራሱ ሞተለት። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ «ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም» የሚል ሹም ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር ተቀይሯል። ኅሊናው ንጹሕ መሆኑን አልጠይቅም። ማን ላይ እንደወደቀ ነው የማየው።

የቤልጂየሙን ንጉሥ ቦዱዋንንም አስባለሁ። በ1990 ፓርላማው ፅንስ ማስወረድን በከፊል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ያለ ንጉሡ ፊርማ አይጸናም። አጥባቂ ካቶሊክ ነበርና አልፈርምም ብሎ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፈ። ግን ሕጉን ልጣለው፣ ልቅበረው አላለም። መሳቢያ ውስጥም አልከተተውም። ዴሞክራሲው እንዳይሰናከል መፍትሔ ይፈለግ አለ። መንግሥቱም ንጉሡ መንገሥ አልቻሉም ብሎ አወጀ፤ ሚኒስትሮቹ በእሱ ፋንታ ፈረሙ፣ በማግሥቱ ፓርላማው ወደ ዙፋኑ መለሰው። ያኔም ዛሬም ይህ የሕግ ጨዋታ ነው ብለው የሚተቹት አሉ፤ ትችቱ ይገባኛል። እኔ ግን ግልጽነቱን እወድለታለሁ። የማልፈርመው እኔ ነኝ፣ ምክንያቴም ይህ ነው፣ መንገዱን ግን አልዘጋም አለ። የኔን «አለቃዬ አልፈረሙም» ከዚህ አጠገብ አድርጌ ሳየው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኬኔዲም በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሂዩስተን ላይ ለፕሮቴስታንት አገልጋዮች ንግግር አድርጎ ነበር። ካቶሊክ በመሆኑ የሮሙ ጳጳስ አሜሪካን ሊያዙ ነው ተብሎ ይፈራ ነበርና። ሰው የሚያስታውሰው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት መለያየት አለባቸው ያለውን ነው። እዚያው ንግግር ውስጥ ግን ሌላም ተናግሯል፦ ሥልጣኑ ኅሊናዬን እንድጥስ ወይም የአገርን ጥቅም እንድጥስ የሚያስገድደኝ ቀን ከመጣ ሥልጣኔን እለቃለሁ አለ። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ እንደማያስብም ጨምሯል። ለእኔ ትልቁ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። መልቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ ዝግጁ ያልሆነ ሰው፣ ስለ ኅሊና ሥልጣን ላይ ሆኖ ባይናገር ይሻላል።

አሁን «ዝም ብሎ መልቀቅ ሁሉን ይፈታል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ አይፈታም። ንጹሕ ሰው ላይ ግፍ እንዲፈጸም ትእዛዝ ሲመጣ «እኔ ለቀቅሁ፣ ሌላው ይፈርም» ማለት የጲላጦስ ውኃ ነው። አብድዩን አስቡት፣ የአክዓብ የቤቱ አዛዥ። ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ስትገድል ከቤተ መንግሥቱ አልወጣም። መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ ዋሻ ውስጥ ሸሸጋቸው፣ እንጀራና ውኃ አበላቸው። ኤልያስ ሲያገኘው ፍርሃቱን መሸሸግ እንኳ አልቻለም፣ አክዓብ ይገድለኛል አለ። እየፈራ ነው የቆየው። ስለዚህ መውጣትም መቆየትም በራሱ ቅድስና አይደለም። ግን የእኔ የውርርድ ቤት ፋይል እንዲህ ያለ ጉዳይ አልነበረም፤ ማንም እንዲገደል ማንም እንዲታሰር አልታዘዝኩም። ብዙዎቻችን ተራ ጉዳያችንን የአብድዩ ዋሻ እናስመስለዋለን።

ሌላው ሳንለየው የምንቀረው ነገር፣ ሕግ የሚያወጣና ሕግ የሚያስፈጽም አንድ አለመሆናቸው ነው። እኔ መስኮት ላይ የተቀመጥኩ ሠራተኛ ሕግ አላወጣም። የተመረጠ ሰው ግን እምነቱን ይዞ ሊከራከር መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው፤ ለዚያ ነው የተመረጠው። የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ዊልያም ዊልበርፎርስ በ1785 ገደማ ልቡ ወደ ክርስቶስ በእውነት ሲመለስ ፖለቲካን ሊተው ነበር፤ የእግዚአብሔር ሰው ፓርላማ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ። ጆን ኒውተን ጋ ሄደ፣ ቀድሞ የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረ፣ በኋላ አገልጋይ የሆነ ሰው። ኒውተን ቆይ አለው። ቆየ። በ1791 የባሪያ ንግድ ይቁም ብሎ ያቀረበው ሐሳብ በ163 ለ88 ድምፅ ወደቀ። ደግሞ አቀረበ፣ ደግሞ ወደቀ። በ1807 ምክር ቤቱ በ283 ለ16 አሳለፈው።

ከዚህ ታሪክ የምወደው ጽናቱን ብቻ አይደለም። እምነቱ ነው ያስነሣው፣ ይህን ሸሽጎ አያውቅም። ምክር ቤቱ ፊት ሲቆም ግን የመርከብ ውስጥ መጨናነቅን፣ የሟቾችን ቁጥር፣ የምስክሮችን ቃል ይዞ ነው የቆመው። እነ ቶማስ ክላርክሰን ወደብ ለወደብ እየዞሩ፣ መርከበኛ እየጠየቁ የሰበሰቡትን። የማያምነውም ሰው ሊመዝነው የሚችለውን ማስረጃ አቀረበ። ሕግ ሲወጣ ደግሞ የሚከፍል ሰው መኖሩ አይቀርም፤ የባሪያ ነጋዴዎቹ ከፍለዋል፣ ሊከፍሉም ይገባ ነበር። ግን ለምን እንደሚከፍሉ በአደባባይ ተነግሯቸዋል፣ ተከራክረዋል፣ ተረትተዋል። እኔ ውርርድን የምጠላ ከሆነ መንገዴ እንደዚህ ነው። የጓደኛዬን ቤት የመሰሉ ቤቶች ምን እንደደረሰባቸው መሰብሰብ፣ ለመረጥኩት ሰው መጻፍ፣ ሕጉ ይጥበቅ ብሎ በስሜ መሟገት። የአንድ ሰው ፎቶኮፒ ላይ ቁልፍ መቆለፍ ሕግ ማውጣት አይደለም።

አንድ የማልፈታው ነገር አለ። ሁሉን በትክክል አድርገህም እጅህ ሳይቆሽሽ ቤትህ የማትገባበት ቀን አለ። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ስለ ዳኛ ጽፏል። በእሱ ዘመን ዳኛ እውነቱን ለማውጣት ሰው ያስገርፍ፣ ያሠቃይ ነበር፤ አንዳንዴም ንጹሑን አሠቃይቶ ሳያውቅ ይፈርድበታል። አውግስጢኖስ ዳኛው ወንበሩን ይልቀቅ አላለም። ደስ ብሎት ይኑርም አላለም። የመዝሙሩን ቃል ይጩኽ ነው ያለው፣ ከጭንቀቴ አውጣኝ እያለ። ለዳኛው በሰጠው መልስ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ ማሠቃየቱን መቃወም ነበረበት ብዬ አስባለሁ። ጸሎቱ ግን የእኔም ጸሎት ነው። የፈረምኩት ፈቃድ የአንድን ሰው ቤት ያፈርስ ይሆናል። ያልፈረምኩት ደግሞ የሌላውን መብት ይነጥቃል። ማታ ስጸልይ ይህን ለእግዚአብሔር ሳላቀርብ አልተኛም፤ የተዘጋጀ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

«አለቃዬ አልፈረሙም» ያልኩት ቀን ማታ አልተኛሁም። በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ሲመጡ በራቸው ላይ ጠበቅኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። እምነቴን፣ መሳቢያውን፣ በስማቸው የዋሸሁትን። ወቀሳ ጽፈው ማኅደሬ ውስጥ ከተቱ፤ ተገቢ ነበር። ከዚያ «ካልቻልሽ ለሌላ ሠራተኛ ልስጠው፣ ወደፊትም እንዲህ ያለ ሲመጣ አስቀድመሽ ንገሪኝ» አሉኝ። እንዲህ ቀላል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ የሦስት ሳምንት በደል ማስቀረት እችል ነበር።

«ይህን ግን ራሴ ልጨርሰው» አልኳቸው። ሰውዬው አራት ሰዓት ላይ መጣ። እንደ ልማዱ ማኅደሩን በሁለት እጁ ይዞ። ወደ ውስጥ አስገባሁትና እንዲቀመጥ ለመንኩት፤ ጋሼ የተቀመጡባት ወንበር ላይ። አለቃዬ ፋይሉን እንዳላዩት፣ ያቆየሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለምን እንዳቆየሁት ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ፈርሜ፣ ማኅተሙን መትቼ ሰጠሁት። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አየው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለት ጊዜ እፍ አለበት፣ ከኦሪጅናሎቹ ጋር አድርጎ በጥንቃቄ አስገባው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ሦስት ሳምንት እኮ ነው» አለኝና ወጣ።